እኚያን ባልቴት ስለ ራሳቸው የጠየቃቸው የለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ላላዩት ሰዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። አያትሽ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ወደ ያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። ትውልዳቸው አድዋ አጠገብ፣ ማርያም ሸዊቶ የሚባለው ሸለቆ ነው። ካረፉ በኋላ ስለ መንደራቸው ማንበብ ፈለግሽ፤ ያገኘሽው ግን የጄኔራልና የራስ ስም፣ የመድፍ ብዛት፣ ቀስት የበዛበት ካርታ ብቻ ሆነ። "እዚያ ይኖር የነበረው ገበሬ የት ገባ? የመንደሩ ታሪክ በ1888 ጀምሮ በ1888 ያለቀ ነው እንዴ?" ብለሽ ጠየቅሽ።

አላለቀም። በ1888ም አልጀመረም። ጅማ ላይ ታሪክ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያመጣልኝ ተማሪ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

ከአንዲት ባልቴት ልጀምር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የኢጣሊያ ጦር በአራት ብርጌድ ተከፍሎ ነበር የመጣው። የቀኙን ክንፍ የሚመራው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። እስከ ከሰዓት በኋላ ተዋጋ፤ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲጀምር ጦሩ ተበተነ፤ እሱም እዚያው ሞተ። አስከሬኑ አልተገኘም። በኋላ ወንድሙ ሲያፈላልግ አንዲት የአካባቢው ባልቴት ተገኙ። መነጽርና ሰዓት ያለው፣ ወርቃማ ኮከብ የለጠፈ አንድ ትልቅ አለቃ ቆስሎ አይተው ውኃ እንደሰጡት ተናገሩ። ይህ በአድዋ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስማቸው አልተጻፈም። ቤታቸው ቀርቶላቸው እንደሆነ፣ ልጅ ሞቶባቸው እንደሆነ፣ ጎተራቸው ውስጥ እህል ቀርቶ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። የተጠየቁት ስለ ጄኔራሉ ብቻ ነው። እኔ ይሄ ታሪክ ሁልጊዜ ያመኛል። አንድ ሸለቆ ሙሉ ሰው ከሚኖርበት አገር ድምፃቸው በመጽሐፍ የገባው ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ነው፤ እሷም ለሌላ ሰው ፍለጋ ስለጠቀመች ነው የተያዘችው። አንቺ መጽሐፍ ውስጥ ገበሬውን ያጣሽው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ጠያቂ ስላጣ ነው።

ግን በተዘዋዋሪ የምናውቀው ብዙ ነገር አለ። መንደሩን ለማየት ከጦርነቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1880 ዓ.ም ገደማ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገባ። ኢጣሊያኖች ለጦራቸው ባስመጧቸው ከብቶች እንደመጣ ነው በሰፊው የሚታመነው። ያገኘውን በሬ ፈጀው፤ በብዙ ቦታ ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በዚያ ላይ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና ተምች መጣ፣ ከዚያ ኮሌራ፣ ፈንጣጣ፣ ተስቦ። እስከ 1884 የቆየው ይህ ዘመን ነው "ክፉ ቀን" የሚባለው። ከአገሩ ሕዝብ ሲሶው ሳያልቅ አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። በሽታው በምፅዋ በኩል ስለገባ ትግራይ ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች አንዱ ነበር።

እንግዲህ አስቢው። በሬ የሌለው ገበሬ ማለት ምን ማለት ነው? በዶማ የሚቆፍር ሰው ማለት ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰውን መሬት አንድ ቤተሰብ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አያትሽ ቢኖሩ ይነግሩሽ ነበር። አድዋ አካባቢ ያለ መንደር በ1888 ላይ ገና ከዚያ እያገገመ ነበር። ጥጃው አድጎ በሬ ሆኖ፣ ተጠምዶ፣ ሁለትና ሦስት አዝመራ ገብቶ ቢሆን ነው። ጦር የመጣበት ያንን መንደር ነው።

ጦርም ለአካባቢው አዲስ ነገር አልነበረም። ሐምሌ 1863 ላይ ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ያሸነፉትና የማረኩት እዚያው አድዋ አጠገብ፣ አሰም ወንዝ ላይ ነው። ጥር 1882 ጄኔራል ኦሬሮ የኢጣሊያን ጦር ይዞ አድዋ ገብቶ ወጣ። በ1887 ደግሞ ጄኔራል ባራቲየሪ መጣ፤ በ1888ም የኢጣሊያን ጦር የመራው እሱው ነው። አድዋ የነጋዴ ከተማ፣ ከጎንደር ወደ ምፅዋ የሚወስደው መንገድ ማረፊያ ስለነበረች፣ ባሕር የፈለገም ሥልጣን የፈለገም በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። በየካቲት 1888 ሰባ ዓመት የሆናቸው የሸዊቶ ሽማግሌ ካሉ የስንቱን ጦር አቧራ እንዳዩ ቁጠሪው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለጅማዎች የምትሆን አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። የእዚሁ የጅማው ሒርማታ ገበያ ቡና፣ ዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ሰሜን የሚወጣው በጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ በጎንደር፣ በአድዋ አድርጎ ወደ ምፅዋ ነበር። ባሮችም በዚያው መንገድ ይነዱ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። በመልሱ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌው የሚቆረጠው ከትግራይ በስተምሥራቅ ካለው የአፋር በረሃ ነው፤ ሒርማታ ላይ ሲደርስ ገንዘብ ሆኖ ያገለግላል። እምባቦ ላይ ግንቦት 1874 ሸዋና ጎጃም የተዋጉትም የዚህን የደቡብ ምዕራብ አገርና የንግዱን ነገር ይዘው ነው፤ አባ ጅፋር ዳግማዊ ለምኒልክ የገበሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አያትሽ ከአድዋ ጅማ ሲመጡ ሁለቱ አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ እንዳይመስልሽ።

ወደ የካቲት ልመለስ። የካቲት ለደጋ ገበሬ ምን ወር ነው? እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ የገባበት ነው። ለክረምቱ የሚዘራው ዘርም እዚያው ጎተራ ውስጥ ነው። ጭዱ ተከምሯል፤ እስከ ሰኔ ከብት የሚቀለበው በእሱ ነው። ምንጩ ቀጥኗል። እንግዲህ በዚህ ወር መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት፣ ከነበቅሎው፣ ከነአህያው፣ ከነፈረሱ አድዋ ዙሪያ ሰፈረ።

በወረቀት ላይ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ይብላ። ለመቶ ሺህ ሰው በቀን 500 ኩንታል ነው። በአሥራ አምስት ቀን 7,500 ኩንታል። የእንስሳቱን መኖና ማገዶውን ሳንቆጥር። ዘማቹ ከቤቱ ስንቅ ይዞ ነው የተነሳው፣ እውነት ነው፤ ንጉሡም እቴጌዋም ስንቅ አዘጋጅተዋል። ግን ጦሩ ከወረኢሉ ተነስቶ፣ አምባላጌን አልፎ፣ መቀሌ ላይ ተቀምጦ ከወራት በኋላ ነው አድዋ የደረሰው። በሶው ካለቀ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የሚበላው ከአካባቢው ነው፣ በስጦታም በግዢም በጉልበትም። አጠገቡ ያለው ሲያልቅ ቀለብ ፈላጊው እየራቀ መሄድ ጀመረ። ምኒልክ ሰፈሩን ሊነቅሉ የነበረው ስንቅ ስላለቀ ነው። የባራቲየሪም ስንቅ እንዲሁ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ማፈግፈግ ወይም መዋጋት ነበረበት፣ መዋጋትን መረጠ። ትልቁ ጦርነት በዚያ ቀን የሆነበት አንዱ ምክንያት የገበሬው ጎተራ ባዶ መሆኑ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ይህንን በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ቢሰጡት ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ስል ዘማቾቹን ለመውቀስ እንዳይመስልሽ። እነሱም አገራቸውን ጥለው፣ በእግራቸው ያን ሁሉ መንገድ ሄደው፣ ብዙዎቹም እዚያው ቀርተዋል። የድሉን ዋጋ የከፈለው ግን ጦር ሜዳ የወደቀው ብቻ አይደለም፤ የዘር እህሉ የተበላበትም ከፍሏል።

ሌላው የአገሬው ሰው የሚታይበት ቦታ ዕውቀቱ ነው። ባሻይ አውዓሎም ሐረጎትን ሰምተሽ ይሆናል፣ የእንትጮ ሰው ናቸው። ባራቲየሪ የእኔ ሰላይ ናቸው ብሎ ያምናቸዋል፤ እሳቸው ግን ለኢትዮጵያ ወገን ነበር የሚሠሩት። የአጋሜዎቹ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪም ከጦርነቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ኢጣሊያኖቹን ከድተው የስንቅ መንገዳቸውን መምታት ጀምረዋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የኪዳነ ምሕረቷ ነገር ነው። ባራቲየሪ ለጄኔራል አልቤርቶኔ "እንዳ ኪዳነ ምሕረት" የተባለችውን ኮረብታ ያዝ ብሎ ንድፍ ካርታ ሰጠው። ካርታው ላይ ስሙ የተጻፈው በተሳሳተ ቦታ ነበር። አልቤርቶኔ ካርታው የሚያሳየው ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪው "እንዳ ኪዳነ ምሕረት ይሄ አይደለም፣ ገና ወደፊት ነው" አለው። ቀጠለ። ብቻውን ኪሎ ሜትሮች ወደፊት ሄዶ ከኢትዮጵያ ጦር መሐል ገባ። ዳቦርሚዳም እሱን ደግፍ ተብሎ ተልኮ ነው በሌላ አቅጣጫ ወደ ሸዊቶ የገባው። የአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስም! የመንደሩ ሕፃን ሳይሳሳት የሚያሳየውን ቦታ ነው ጄኔራሎቹ ያጡት። ስለዚህ አያትሽ የነገሩሽ የቦታ ስም ሁሉ፣ የጉብታው፣ የወንዙ፣ የማሳው፣ ተራ ነገር እንዳይመስልሽ።

ከጦርነቱ በኋላ ስላለው ባጭሩ ልሂድ። በኢትዮጵያ በኩል የሞተው ከ4,000 እስከ 7,000 ይገመታል፣ ቁስለኛው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በኢጣሊያ በኩል፣ አስካሪ የሚባለውን ከአገሬው የተመለመለ ወታደር ጨምሮ፣ የሞተው ወደ 7,000 ይጠጋል። ምኒልክ ብዙም ሳይቆዩ ጦራቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ተመለሱ፤ ስንቅ የለም፣ ክረምት እየመጣ ነው። የጠላት አስከሬን ወራት ቆይቶ ኢጣሊያኖች ቀባሪ እስኪልኩ ድረስ ብዙው ሜዳ ላይ ነበር። ሸለቆው ውስጥ የቀረው ማን ነው? ባለአገሩ ነው። ውኃ የሚቀዳው እዚያ ነው፣ ከብት የሚያሰማራው እዚያ ነው፣ ሰኔ ሲመጣ የሚያርሰው እዚያ ነው። ይህ እንዴት እንደነበር የሚያውቁት የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፣ አያትሽም ከእነሱ አንዱ ነበሩ።

በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባው ውል ተፈረመ፣ መረብም ወሰን ሆኖ ቀረ። ለአድዋ ገበሬ ይህ ማለት ዘመዱ የሚኖርበት፣ እህል የሚሸጥበት፣ ሥራ ፍለጋ የሚሄድበት ቅርብ አገር ሌላ መንግሥት ሆነ ማለት ነው። ራስ አሉላ በየካቲት 1889 አረፉ፤ የተቀበሩት እዚያው አድዋ አጠገብ እንዳ አባ ገሪማ ገዳም ነው። በነገራችን ላይ የአባ ገሪማ ወንጌሎች ዕድሜ በሳይንስ ሲለካ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መካከል ነው የወጣው፤ ሥዕል ካላቸው የዓለም ወንጌሎች ከጥንቶቹ ናቸው። "የመንደሩ ታሪክ ከ1888 ይጀምራል ወይ?" ላልሽው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለኝ አይመስለኝም። ጦርነቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ያለው ገዳም መጽሐፍ ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

በመስከረም 1928 ኢጣሊያኖች ተመለሱ። አድዋን በአውሮፕላን ደበደቡ፣ ያዟት፣ በ1888 ለሞቱባቸው ሐውልት አቆሙ። ለባለአገሩ ግን የቆመ ነገር አልነበረም። እኛ ጋ ፈረንጅ አራዳ የሚባለውን ሰፈር የሠሩት እነዚያው ናቸው፤ ልጆቼን ይዤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የአድዋው ወሬ ጅማም በር ላይ እንደደረሰ እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ 1977። ይሄኛውን አንቺ ከእኔ የበለጠ ከቤትሽ ሰምተሽዋል። ደርግ በአጭር ጊዜ ከትግራይ፣ ከወሎና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ጎጃም አሰፈረ። ፈቅዶ የመጣ አለ፣ ተገዶ የመጣ አለ፣ እህል ሊቀበል ሄዶ መኪና ላይ የተጫነ አለ። ቤተሰብ ተለያየ። የደጋ ሰው ቆላ ወረደና ወባ ፈጀው። ይህም የማርያም ሸዊቶ ታሪክ ነው እኮ! ሸለቆው አድዋ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ የተወሰነው በአያትሽ ጭንቅላት ተይዞ ወደዚህ መጥቷል፣ አሁንም በአክስቶችሽና በአብሮ አደጎቻቸው ዘንድ አለ።

እና ምን ታድርጊ? መጽሐፍ ፍለጋውን ለጊዜው ተይው። ከአያትሽ ጋር የመጡትን ሰዎች ፈልጊ፣ ዛሬ ሰባና ሰማንያ የሞላቸው ናቸው። ቡና ይፈላ፣ ስልክሽን መቅጃው ላይ አድርጊና አጠገባቸው አስቀምጪው፣ ግን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። በትግርኛ ያውሩ፤ ባይገባሽ እንኳን አታቋርጫቸው፣ በኋላ የሚተረጉም አይጠፋም። ስለ ጦርነቱ አትጀምሪ። ስለ ጦርነቱ ከጠየቅሽ በሬዲዮ የሰሙትን ነው የሚነግሩሽ፣ እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ ይህንን ስሕተት ሠርቼ የብዙ ሽማግሌ ወሬ አበላሽቻለሁ። ስለ መሬቱ ጠይቂ። ርስት በዘር ሐረግ የሚቆጠርበት አገር ስለሆነ፣ ይህ ማሳ የማን ነበር፣ እሱስ የማን ልጅ ነው ብለሽ ብትከተይ ሳታስቢው 1888ን አልፈሽ ትሄጃለሽ። ትግርኛው "እንዳ" የሚለው ቃል "የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን" እንደማለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም የዘሩም ስም ላይ ታገኚዋለሽ። በዚያ ስም የሚጠሩ ወገኖችን ሁሉ ጻፊ። ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ሙሽራ ከየት መንደር እንደሚመጣ፣ ማርያም ስትነግሥ ታቦቷ በየት በኩል እንደምትዞር፣ ሲያርሱ ከመሬት ምን እንደሚያገኙ ጠይቂ።

ቀኑን ሲነግሩሽ በዓመተ ምሕረት አይነግሩሽም። "ከብት ባለቀ ጊዜ"፣ "ጣሊያን በመጣ በሁለተኛው"፣ "አንበጣ በወረደ ዓመት" ይሉሻል። እንዳትቆጪ፣ የእነሱን አቆጣጠር እንዳለ ጻፊው፤ ደስታ በሽታው 1880፣ ሁለተኛው ጣሊያን 1928 እያልሽ በኋላ ታዛምጂዋለሽ። ሁለት ሰው የሚቃረን ነገር ከነገረሽ ሁለቱንም ያዢ። ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ የመጀመሪያ ቀን ሥራ አይደለም።

ከዚያ መንገዱ ሲመችሽ አድዋ ሂጂ። የቆዩ ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የርስት ስጦታና የንብረት ዝርዝር መጻፍ በአገራችን የኖረ ልማድ ነው፤ ካህናቱን ለምኚያቸው። ግን እጅሽን ባዶ አድርገሽ አትሂጂ፤ ከዚህ የቀዳሽውን ይዘሽ ሂጂና አሰሚያቸው። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ስልኩም መንገዱም ተቆርጦ ስንት ሽማግሌ ድምፁ ሳይሰማ እንዳለፈ ታውቂያለሽ። ጅማ ላይ የቀረው የዘመድ ድምፅ እዚያ ሲሰማ ምን እንደሚሆን አስቢው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከአክስቶችሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው ብዬ ያሰብኩት። እኚያ ባልቴት ለቆሰለው ሰው ውኃ ሰጡት ብለናል። እቴጌ ጣይቱም በዚያ ቀን ለተዋጊዎቹ በሴቶቹ ገምቦ ውኃ ያስመላልሱ ነበር። የካቲት ነው፣ ምንጩ ቀጥኗል፣ ሸለቆው በሰው ተሞልቷል። ሸዊቶ ላይ በበጋ የማይደርቀው ምንጭ የቱ ነበር? ስሙ ማን ይባላል? ማለዳ ማለዳ ወደዚያ የሚወርዱት የየትኛው ቤት ልጆች ነበሩ? የነገሩሽን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።